የነገሌው ፓምፕ፦ ጠጋኝ እንዴት ይፈጠራል?

ጥር 1966 ዓ.ም. ነው። ነገሌ ቦረና የሰፈረው የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። ምግባቸው የሚበላ አልነበረም፤ በዚያ ላይ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ የሚጠጡት አጡ። መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አስበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ። ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አንድ ፓምፕ መንግሥት ገለበጠ ብንል ማጋነን ነው። የወሎ ረሃብ ነበር፣ የነዳጅ ዋጋ ነበር፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ ነበር። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ተራ ጥያቄ ይከነክነኛል፦ ፓምፑን የሚጠግን ሰው የት ነበር?

ጥያቄው ያረጀ አይምሰላችሁ። ነገሌ ቦረና (ከአርሲ ነገሌ ጋር እንዳታምታቷት) ከአዲስ አበባ በመኪና 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለች ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ፣ በሌላው አቅጣጫ ያቤሎ፣ ሜጋና ሞያሌ አሉ። በዚህ ቆላ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ አነስ ያለው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ከኅዳር በኋላ ያለውን ደረቅ ጊዜ የአካባቢው ሰው ቦና ይለዋል። በቦና አጋማሽ አንድ ፓምፕ ቀጥ ቢል በቀናት ውስጥ ከብት መውደቅ ይጀምራል። ከሐዋሳ ወይም ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ የሚጠብቅ ከብት የለም።

ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለ ሙያ ትምህርት ነው። ግን ከሕንፃውና ከመመሪያው አንጀምርም፤ ከፓምፑ እንጀምር።

ውሃ ማውጣት ከስበት ጋር መታገል ነው

በአንድ የቆላ ሰፈር 500 ከብት አለ እንበል። አንድ ከብት በቀን 30 ሊትር ቢጠጣ 15,000 ሊትር ይሆናል። ለሰውና ለፍየሉ 5,000 ጨምሩበት። በቀን 20,000 ሊትር ማለት ነው፤ በክብደት 20,000 ኪሎ ግራም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከ120 ሜትር ጥልቀት የሚወጣ ከሆነ ስንት ጉልበት ይፈልጋል?

የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ይበቃናል። ክብደቱን በ9.8 እና በ120 አባዙ፤ 23.5 ሚሊዮን ጁል ታገኛላችሁ። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ነውና ውጤቱ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ታዲያ ሞተሩም፣ ፓምፑም፣ ቧንቧውም የየድርሻቸውን ይበላሉ። ግማሹ በመንገድ ይቀራል ብላችሁ ብትይዙ 13 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ቆላው ፀሐይ አይቸግረውም። አንድ ኪሎዋት የሶላር ሰሌዳ ብክነቱ ተቀንሶ በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢሰጥ፣ ባለ 400 ዋት ሰሌዳ ዘጠኝ ይበቃል።

እዚህ ድረስ ቁጥር ነው፤ ደብተር ላይ ያልቃል። ሙያው የሚጀምረው ቁጥሩ ሲሳሳት ነው። የሶላር ሰሌዳ ፀሐይ ይወዳል፣ ሙቀት ግን አይወድም። ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጨመረ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቆላ ውስጥ ቀትር ላይ ሰሌዳው ራሱ 60 ዲግሪ ቢደርስ 14 በመቶ ሄደ ማለት ነው። አቧራው ሲጨመርበትማ ዘጠኙ ሰሌዳ አይበቃም። ይህን የሚያውቅ ቴክኒሻን ከመጀመሪያው አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ያስገባል። የማያውቀው በልኩ ይገጥምና በየካቲት ሰው ይጮህበታል።

አሁን ፓምፑ ቆመ እንበል። ሞተሩ 120 ሜትር መሬት ውስጥ ነው፤ አይታይም። ማውጣት ማለት ቧንቧውን ቁራጭ በቁራጭ እየፈቱ መሳብ ነውና የሙሉ ቀን ሥራ፣ ብዙ ጉልበትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥሩ ቴክኒሻን ፓምፑን ከማውጣቱ በፊት ላይ ሆኖ ያዳምጠዋል። ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ሞተሩ የሚስበውን ከረንት ይለካል። ከልኩ በላይ የሚስብ ከሆነ ታች የያዘው ነገር አለ፦ አሸዋ ገብቶበታል ወይም ኩሽኔታው ሞቷል። ከልኩ በታች እየሳበ ውሃ የማይመጣ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ በባዶ እየዞረ ነው፤ ወይ የጉድጓዱ ውሃ ከፓምፑ በታች ወርዷል፣ ወይ ሞተሩንና ፓምፑን የሚያገናኘው ዘንግ ተሰብሯል። ከረንት ጨርሶ ከሌለ ኬብሉን መጠርጠር ነው። ላይ ሆኖ ሦስት ልኬት፣ አሥር ደቂቃ።

አያችሁት? ይህን በቃል መያዝ ይቻላል፤ እኔም አሁን ጻፍኩት። ነገር ግን ሰዎች ከበውት፣ ከብት እየጮኸ፣ ሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር አልገጥም ሲል፣ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ከዚያ በፊት ብዙ የተበላሸ ፓምፕ ያየ ሰው ብቻ ነው። የሙያ ትምህርት ትልቁ ጣጣ ይኸው ነው። ዕውቀቱ ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ እጅ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ደብተሩ ያደላል።

70 እና 30

የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ይህንን ችግር ያውቀዋል። ሥልጠናው ከደረጃ 1 ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። የታችኞቹ ደረጃዎች የታወቀና ተደጋጋሚ ሥራ የሚሠራ ሰው ያፈራሉ፤ ደረጃ 4 እና 5 ላይ የሚደርሰው ብልሽት የሚመረምር፣ ሌሎችን የሚመራ ነው። በየሙያው «የሙያ ደረጃ» የሚባል ሰነድ አለ። ሰነዱ ሠልጣኙ ስንት ምዕራፍ እንደተማረ አይጠይቅም፤ ምን መሥራት ይችላል ብሎ ይጠይቃል። በትብብር ሥልጠና ከጊዜው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጁ እንዲሆን ነው የታሰበው። መጨረሻ ላይ ምዘና አለ፤ ወጣቱ «ሲኦሲ» የሚለው። የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው፤ ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ገና» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ፤ በሌላ ፈተና የለችም።

ሐሳቡ በብዛት ከጀርመን የመጣ ነው። እዚያ የሙያ ተማሪ ከሳምንቱ ሦስትና አራት ቀን ኩባንያ ውስጥ ይሠራል፤ አንድ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ኩባንያው ደግሞ ደመወዝ ይከፍለዋል። ይህ የሚሠራው ግን ተማሪውን የሚቀበል ኩባንያ ሲኖር ነው።

ነገሌ ላይ ቁሙና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ፋብሪካ የት አለ? ጋራዥ አለ፣ ጎሚስታ አለ፣ የባጃጅ ጥገና አለ፣ ብረታ ብረት ቤት አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ የውሃ ቢሮ አለ፣ ግንባታ አለ። አንድ ጋራዥ ሁለት ረዳት ሊቀበል ይችላል፤ ሠላሳ ተማሪ ቢላክበት ግን ሥራውን ነው የሚያቆመው። ስለዚህ በትናንሽ ከተሞች 70 በመቶው በወረቀት ላይ ብቻ የመቅረት አደጋ አለበት፤ ተማሪው «ለተግባር ወጣ» ይባልና ጥግ ይዞ የሻይ ተላላኪ ይሆናል። ይህን ስል ኮሌጆቹን መውቀሴ አይደለም። ለሐዋሳና ለአዳማ የተሰፋ ልብስ ለቆላ ከተማ አይልክም ነው የምለው።

በነገራችን ላይ ጋራዥን አትናቁ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺያቬ፣ ኩሽኔታ... እነዚህ ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። በመማሪያ መጽሐፍ አልገቡም፤ ከጌታ ወደ ረዳት፣ ዘይት በነካው እጅና በአፍ ተላልፈው ነው እዚህ የደረሱት። ማስተማሪያው ሰነድ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ልጁ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ እያሰበ ሲማር፣ ጋራዡ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ሦስተኛ ሆኖ ይጨመራል። ሦስቱን ያገናኘ አስተማሪ ወርቅ ነው።

ልጆቹ ለምን ይሸሹታል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። የተወሰኑት በሪሜዲያል ተሻገሩ፤ አብዛኞቹ ግን በዚያ በር አልገቡም። በመቶ ሺዎች ስለሚቆጠር ወጣት ነው የምናወራው። ታዲያ ሙያ ማሠልጠኛው ለምን በደስታ አይሞላም?

የተለመደው መልስ «ንቀት ነው» የሚል ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ነንና ውሸት አይደለም። «ውጤት ያልመጣለት ነው እዚያ የሚገባው» የሚል ቃል እናንተም ሰምታችኋል፤ ምናልባትም ብላችኋል። ነገር ግን በአውሮፓውያኑ 1965 ፊሊፕ ፎስተር የተባለ ተመራማሪ ጋናን አጥንቶ ሌላ ነገር አሳየ። እንግሊዞች የእርሻና የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት እየከፈቱ ልጆቹ ለምን የቀለም ትምህርቱን እንደሚመርጡ ግራ ገብቷቸው ነበር። ፎስተር ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ልጆቹ አልተሳሳቱም። ጥሩ ደመወዝ ያለው ቢሮ ውስጥ መሆኑን አይተዋል፤ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ መረጡ። የክፍል ውስጥ ትምህርቱን ብትቀይሩም፣ ውጭ ያለው ክፍያ ካልተቀየረ የልጁ ምኞት አይቀየርም።

እኛም ሞክረነዋል። ተግባረ ዕድና ኮሜርስ አዲስ አበባ ላይ የተከፈቱት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። በኋላ «ኮምፕርሄንሲቭ» የተባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጡ፤ ስሙ ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤት በር ላይ አለ። በአንድ ግቢ ውስጥ የቀለም ትምህርት፣ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ ንግድ፣ የቤት አያያዝ አብረው እንዲሰጡ ነበር ሐሳቡ። ልጆቹ መጋዙን ይዘው ዓይናቸው ዩኒቨርሲቲ ላይ ነበር። ከዚያ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ወደ ሙያ የሚወስደው 10+1፣ 10+2 መጣ፤ አሁን ደግሞ መግቢያው ወደ 12ኛ ክፍል ተመልሷል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና 8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት አለ። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቋመ። መንገዱ ብዙ ጊዜ ተቀይሷል፤ የፎስተር ጥያቄ ግን ቦታውን አልለቀቀም፦ ሲጨርስ ማን ይከፍለዋል?

ያለ ፍሪጅ የሄደው ክትባት

ለዚህ ጥያቄ ከቆላው የመጣ አንድ መልስ አለ፤ እኔ ከማውቃቸው የሙያ ሥልጠና ታሪኮች ሁሉ የምወደው ነው።

የከብት ደስታ በሽታ በ1880ዎቹ መጀመሪያ አገራችን ገብቶ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል ፈጀ፤ «ክፉ ቀን» የምንለው ረሃብ የመጣው እርሻው በሬ በማጣቱ ነው። በሽታው ከዚያ በኋላም መቶ ዓመት አብሮን ኖረ። ክትባት ነበረ፤ ችግሩ ክትባቱ በቅዝቃዜ መያዝ አለበት፣ ዘላኑ ያለበት ቦታ ደግሞ መንገድም መብራትም የለም። የእንስሳት ሐኪሞች መኪናቸው እስከደረሰበት ይከትባሉ፤ በሽታው መኪና በማይደርስበት ይቆያል።

በ1980ዎቹ ሁለት ነገሮች ተገናኙ። አንዱ ሙቀት የሚችል ክትባት ነው፤ ያለ ፍሪጅ ለሳምንታት ይቆያል። ሁለተኛው ክትባቱን የሚሸከም ሰው ነው። አፋር ውስጥ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያምነውን ሰው እንዲመርጥ ተደረገ፤ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፣ ከብት ግን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቃሉ። ለአጭር ጊዜ ሠለጠኑ፦ በሽታውን በምልክቱ መለየት፣ መርፌ መውጋት፣ መጠን መለካት። ተመልሰው ከመንደራቸው ጋር እየተንቀሳቀሱ ከተቡ። እነሱ በደረሱበት ከተከተበው ከብት ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው መከላከያ አዳበረ፤ በደንብ የተደራጀ ዘመቻ የሚቀናበት ውጤት ነው። በኢትዮጵያ የበሽታው የመጨረሻ ወረርሽኝ በአውሮፓውያኑ 1995 እዚያው አፋር ላይ ታየ። በ2011 ዓለም ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኗ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኛ የሚባለው ይህ ሙያ ወደ ቦረናና ወደ ሶማሌ ቆላዎችም ተስፋፋ። ሥልጠናው አጭር ነው፤ ታዲያ ለምን ሠራ? ሠልጣኙን የመረጠው ፈተና ሳይሆን የሚያገለግለው ሕዝብ ነው። ሥራው ሥልጠናውን ጠብቆ ሳይሆን ሥልጠናው ሥራውን ተከትሎ መጣ። ክፍያውም ግልጽ ነው፦ መድኃኒት ይሸጣል፣ ትርፉን ይወስዳል።

የሚፈርስበትም መንገድ አስተማሪ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ቆላው ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ፤ ቦረና ውስጥ መንጋ ሙሉ አለቀ። እንዲህ ባለ ድርቅ ጊዜ እርዳታ ሰጪዎች የእንስሳት መድኃኒት በነፃ ማደል ይቀናቸዋል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን መድኃኒት ሸጦ የሚኖረው ባለሙያ በዚያው ሳምንት ሥራ ያጣል። ድርቁ ሲያልፍ መድኃኒቱም ባለሙያውም የሉም። በኋላ አንዳንድ ቦታ ለአርብቶ አደሩ ኩፖን ሰጥቶ፣ ባለሙያው እንዲያክምና ገንዘቡን ከእርዳታ ሰጪው እንዲቀበል የሚያደርግ አሠራር ተሞከረ። መድኃኒቱ ያው፣ ገንዘቡም ያው ነው፤ በማን እጅ እንዳለፈ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ወደ ፓምፑ እንመለስ። በነገሌ ዙሪያ ላለ አንድ ጉድጓድ ለብቻው ቴክኒሻን መቅጠር አይቻልም፤ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አይሰጠውም። ሠላሳና አርባ ጉድጓድ ተደራጅቶ፣ ከእያንዳንዱ የውሃ ኮሚቴ በየወሩ ትንሽ ቢዋጣ ግን አንድ ሰው ሞተር ብስክሌት ይዞ ሊኖርበት የሚችል ሥራ ይሆናል፤ ሳይበላሽ በፊት እየዞረም ከረንቱን ይለካል። ይህ ለቦረና ባዕድ አይደለም። በእጅ የተቆፈሩት ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ለዘመናት የሠሩት ሰዎች ደረጃ በደረጃ ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ነው፤ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚያስተዳድር አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊም አላቸው። የጥገና መዋጮ ከሶላሩ ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ ድሮ በጉልበት ነበር የሚዋጣው።

ሥራው ሲኖር ሠልጣኙ ይቀራል። ሳይኖር ደግሞ ደረጃ 4 ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ እኔም ብሆን እሳፈራለሁ።

ምናልባት እናንተ በዚህ ዓመት ምርጫ የምትሞሉ ከሆናችሁ፣ ወይም እህታችሁ የምትሞላ ከሆነ (ፓምፕ የወንድ ሥራ ነው የሚላት ካለ ከረንት መለኪያው ጾታ እንደማያነብ ንገሯት)፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁን ሂዱና ወርክሾፑን አሳዩን በሉ። የመማሪያ ክፍሉን ሳይሆን ወርክሾፑን። ባለፈው ዓመት የጨረሱት አሁን የት እንደሚሠሩ ጠይቁ፤ ስም ጠርቶ የሚነግራችሁ አስተማሪ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ማሽኖቹን እዩ። እጀታቸው የተላላጠ፣ ሥራቸው ብረት ፍርፋሪና አሸዋ የሞላ፣ አንዱ ጥግ ላይ የተፈታታ አሮጌ ፓምፕ የተኮለኮለ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ፕላስቲኩ እንኳ ካልተነሳለት፣ ቁልፉን ማን እንደያዘው ጠይቁ።